ምንም አናውቅም ብለን የላክነው ፖስት ካርድ

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጃችን ኩሮኪ ሳን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ይህን ፎቅ ተከራይታችሁ፣ ድስቱን አስጥዳችሁ፣ ይህን የሚያህል የአበባ እቅፍ ስላሸከማችሁኝ አመሰግናለሁ። አበባውን የገዛው ክፍል “እንዳይከብድዎት ቤትዎ ድረስ እንላክልዎት፤ አድራሻዎን ብቻ ይስጡን” ብሎኝ ነበር። ስምንት ዓመት አብሬያችሁ ሠርቻለሁ። ተሸክሜው እሄዳለሁ።

መልቀቂያዬ ላይ “በግል ምክንያት” ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስጻፈኝ የሰው ኃይል ክፍል ነው። ቅጹ ሌላ ምክንያት አያስገባም። ይሁንና ዛሬ እንድናገር ስትጋብዙኝ ንግግሬን አስቀድሞ አምጣ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቸልተኞች ናችሁ። እኔ ብሆን አስቀድሜ አነበው ነበር።

እንግዲህ ምክንያቱ የግሌ እንዳልሆነ ልናገር።

በዚህ ዓመት ለተቀጠራችሁት፣ ምን እንደምንሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። በሥልጠናችሁ ላይ የተነገራችሁ የአርማችን ሰማያዊ ቀለም የምን ምሳሌ እንደሆነ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። የምንሠራው በስልክ ውስጥ የሚኖር የቢትኮይን ቦርሳ ነው። የገንዘቡ ቁልፍ ከደንበኛው ስልክ አይወጣም፤ እኛ ዘንድ አይመጣም። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቦርሳው መጀመሪያ ሲከፈት የተሰጡት አሥራ ሁለት ቃላት ገንዘቡን በሌላ ስልክ ላይ ይመልሱታል። ቃላቱ ከጠፉ ግን ተሰብስበን ብናለቅስም አንመልሰውም። ስም አንጠይቅም። ስልክ ቁጥር አንጠይቅም። ኢሜይል አንጠይቅም። አንዱን ክፍያ ያየ ሰው ሌላውን እንዳያይ፣ ገንዘብ በተቀበሉ ቁጥር አዲስ የመቀበያ ቁጥር ይወጣል። የማን ስልክ ምን እንደጠየቀ እኛ ራሳችን እንዳናውቅ፣ መልእክቱ የሚሄድበትን መንገድ ሦስት ቦታ አጠማዝዘነዋል። ይህ ማጠማዘዝ ብቻ ሁለት ዓመት በልቶብኛል።

የሽያጭ ኃላፊያችን ቶኩናጋ ሳን ያኔ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው ነበር።

“ሙናካታ ሳን፣ ቢያንስ በቀን ስንት ሰው እንደሚከፍተው እንወቅ እንጂ።”

“አንወቅ።”

“ስም አልጠየቅኩም እኮ። ቁጥር ብቻ።”

“ቁጥሩን ምን ያደርጉበታል?”

“ለስብሰባ አቀርበዋለሁ።”

“ስብሰባው ላይ ምን ይሆናል?”

“ይቀርባል” አሉኝ።

ሁለተኛውን በር የሠራሁትም በዚያው ሰሞን ነው። ቦርሳው ሁለት የምስጢር ቁጥር አለው። አንዱ እውነተኛውን ይከፍታል። ሌላው ጥቂት ፍርፋሪ ያለበት ሌላ ቦርሳ ይከፍታል፤ ስክሪኑ ላይ ሁለቱን የሚለይ አንዳች ምልክት የለም። በግድ ክፈት ለሚባል ሰው የተሠራ ነው። ቶኩናጋ ሳን በዚህም ሳቁብኝ። “በዚህ አገር ማን ነው ቤት ሰብሮ ገብቶ ስልክ ክፈት የሚል?” አሉ። ቤት መስበር ያስፈልጋል ያላቸው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ ሁለቱ ቃላት የሚቀረጹበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ለደንበኞቻችን በስጦታ ላክን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ወረቀት ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል፤ ብረት ይቆያል። ስጦታ ለመላክ ግን የቤት አድራሻ ያስፈልጋል። ስለዚህ “ሰሌዳው በደረሰዎት በሠላሳ ቀን ውስጥ ስምዎና አድራሻዎ ይደመሰሳል” ብለን ቃል ገባን። ቃሉን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሺህ አሥራ ሁለት ሰዎች አመኑን።

አልተደመሰሰም።

ሊሸጥ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩ። ለሌብነትም ቢሆን ድፍረት ያስፈልጋል። የሆነው ይህ ነው፦ ከሽያጭ ክፍል አንድ ሰው “ስጦታ የላክንለትን ሰው በሙቀቱ ወራት እንዴት ከረሙ ካላልነው ነውር አይሆንብንም?” አለ። ሌላው “ይሆንብናል” አለ። በቃ። ስም ያለመያዝን ሃይማኖቱ ያደረገ ድርጅት ነውር ፈርቶ ስም ያዘ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ለሦስት ሺህ አሥራ ሁለቱም ፖስት ካርድ ተላከ። ክፍት ነው፤ ፖስተኛው ያነበዋል፣ ጎረቤት ያነበዋል። የወርቅ ዓሣ ተሥሎበታል። እንዲህ ይላል፦ “የሙቀቱ ወራት እንዴት ይዞዎታል? የቢትኮይን ቦርሳችንን መጠቀም ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመትዎን ስለያዙ ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን።”

ይህን ያጸደቀውን ወረቀት አውጥቼ አይቼዋለሁ። በፊርማ ፈንታ የስምንት ሰው ማኅተም አለበት። በግራ ዳር የኩሮኪ ሳን ማኅተም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰባቱ፣ በየማዕረጋቸው፣ ወደ እሱ ዘንበል ብለዋል፤ ሁሉም እጅ ነሥተዋል። ይህን ልማድ ኩሮኪ ሳንና እኔ ከሠራንበት ባንክ ይዘነው መጣን። “ባንክ አያስፈልግዎትም” እያልን የምንሸጥ ሰዎች፣ ከባንክ ያመጣነው አንድ ነገር ቢኖር ማኅተም ማጎንበስ ነው።

አራተኛው ማኅተም የኔ ነው። ዘንበል ብሏል። የልጄን የትምህርት ቤት ፕሮትራክተር ወስጄ ለካሁት፤ ሃያ ዲግሪ። ወረቀቱን አላነበብኩትም ነበር። ሌላ አሥራ አንድ ወረቀት አብሮት መጥቶ ነበር፤ አሥራ ሁለቱንም በአንድ እስትንፋስ መታሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሁሉ መጀመሪያ ለራሴ ነው፤ እናንተ የምትሰሙት ትርፉን ነው።

ካርዱ በደረሰ ማግስት ስልክ ተደወለ። ያነሱት የደንበኞችን ስልክ የሚመልሱት ኢቶናጋ ሳን ናቸው። እዚያ ጥግ ተቀምጠው ድስቱን እያዩ ነው። አይዞዎት ኢቶናጋ ሳን። እርስዎ ያነበቡት የተሰጠዎትን ወረቀት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደዋይዋ ሴት ናት። ስሟን አልነግራችሁም፤ ከተማዋንም አልነግራችሁም፤ ከሚገባችሁ በላይ ታውቃላችሁ።

“ይቅርታ ልጄ፣ ስሜን ከየት አገኛችሁት?”

“እመቤቴ፣ ድርጅታችን የደንበኞቹን ስምና አድራሻ አይዝም።”

“ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ።”

“ድርጅታችን የደንበኞቹን ስምና አድራሻ አይዝም።”

“እሺ፤ ካርዱን ላንብብልሽ?”

“ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ግን ስምዎን እንዳይነግሩኝ።”

አትሳቁ። ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ የለም። ከዚያ ኢቶናጋ ሳን ስልኩን ለኔ አቀበሉኝ።

ሴትዮዋ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቶቻችን ሁሉ እንዳደረጉት፣ ከአስቤዛው ላይ እየቆነጠረች ባሏ የማያውቀው ጥሪት ይዛለች። እናቴ የሷን ከኪሞኖ ልብሷ መሳቢያ ሥር ታስቀምጥ ነበር። ይህቺ ሴት እኛ ዘንድ አስቀመጠች። ለምን እኛ ዘንድ እንዳመጣችው ስጠይቃት “ባንክ ደብተር አለው፣ ደብተር ፖስታ አለው፣ ፖስታ ደግሞ ባል አለው” አለችኝ። የሽያጭ ክፍላችን በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጽፎ አያውቅም።

ባሏ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ነው የሚቆመው። ካርዱን አነበበ። ቁርስ ሲቀርብ ከሩዝ ሳህኗ ጎን አስቀመጠላት።

“አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል” አለችኝ። “ጮሆብኝ ያውቃል፤ ዕቃ ወርውሮብኝ ያውቃል። እንዲህ በጸጥታ ያስቀመጠልኝ ነገር ግን የለም።”

ሚያዝያ ላይ ከቤት ልትወጣ ነው። እህቷ ባለችበት ከተማ አንዲት ክፍል አግኝታለች፤ ቁልፉን የምትረከበው ሚያዝያ ነው። ገንዘቡ የዚያች ክፍል ነው። ለምን ትወጣለች ብዬ አልጠየቅኩም። የናንተ ቅጽ ቢሆን ይጠይቅ ነበር።

“ሁለተኛውን የምስጢር ቁጥር አውጥተዋል?” አልኳት።

“አውጥቻለሁ። መመሪያውን አንብቤዋለሁ።”

ክቡራትና ክቡራን፣ በስምንት ዓመት ውስጥ “መመሪያውን አንብቤዋለሁ” ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ከናንተ መካከል ያነበበ ካለ እጁን ያውጣ። አላልኳችሁም?

“የብረት ሰሌዳውስ የት ነው ያለው? ለኔ መንገር የለብዎትም፤ ባለቤትዎ የማያገኙት ቦታ መሆኑን ብቻ ይንገሩኝ።”

ነገረችኝ። እንድነግራችሁም ፈቅዳልኛለች፤ ሰሌዳው አሁን እዚያ የለምና እንዳትደክሙ። ከወጥ ቤቷ ጥግ፣ በሩዝ ፉርሽካና በጨው በተሞላው የኪያርና የቀይ ሥር ማኮምጠጫ ጋን ውስጥ ነበር። ከአማቷ የወረሰችው ፉርሽካ ነው። በየቀኑ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ትገለብጠዋለች። “ባሌ ኪያሩን ይወደዋል” አለች፤ “ፉርሽካው ውስጥ እጁን ከሚከት ግን ቢራብ ይመርጣል።”

ካርዱ ከመጣ ዘጠኝ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን ባሏ “ስልክሽን አምጪው” አላት።

ይህን የሰማሁት መስከረም መግቢያ ላይ እንደገና ስትደውል ነው። ስልኩን ሰጠችው። ቁጥሩን ንገሪኝ አላት። ሁለተኛውን ነገረችው። ከፈተና አየ።

“ለዚህች ነው ይሄ ሁሉ ድብብቆሽ?” አለና ሳቀ። “አጥፊው። መሳቂያ ልታደርጊን ነው።”

እፊቱ አጠፋችው። በማግስቱ እሱ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ እጇን ጋኑ ውስጥ ከተተች፤ ሰሌዳውን አጥባ እህቷ በላከችላት አሮጌ ስልክ ላይ አሥራ ሁለቱን ቃላት አንድ በአንድ ጻፈች።

“ሁሉም አለ” አለችኝ። “ፉርሽካ ፉርሽካ ይሸታል እንጂ ሁሉም አለ።”

ስምንት ማኅተም ካለው ድርጅት ይልቅ አንድ የኪያር ጋን ምስጢር ጠበቀ። ይህን ለማለዘብ ብሞክርም አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። “ሌላ ካርድ እንዳይመጣብኝ” አለች። “አይመጣም” አልኳት። ከናንተ ጋር እንደምሠራ ለጊዜው ረስቼ ነበር።

መስከረም ስብሰባ ላይ ዝርዝሩ ይደምሰስ አልኩ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ጥቅምት ላይ እንደገና አልኩ። ይጠና ተባለ። ያጠናው ክፍል የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ “አጣዳፊ ነው?” የሚል ነበር። ኅዳር ላይ በጥር ለሚውለው ዘመን መለወጫ የሚላክ ካርድ ማጽደቂያ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፤ ሰባት ማኅተም ተመትቶበት፣ የኔ ቦታ ብቻ ባዶ ሆኖ። ከሥሩ ዝርዝሩ ተያይዟል። ከሴትዮዋ ስም ትይዩ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት “ማሳሰቢያ፦ ባለቤታቸው እንዳያዩ ጥንቃቄ ይደረግ” ተብሏል።

ዝርዝሩን ይዤ ወደ ቶኩናጋ ሳን ሄድኩ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የእርስዎን አስተያየት ተቀብለን ነዋ። የሌሎቹ በክፍት ካርድ ይሄዳል። ለእሳቸው ግን በታሸገ ፖስታ ይላክላቸዋል።”

“በሩ ላይ ለሚቆመው ባል አንድ የታሸገ ፖስታ። ጀርባው ላይ የኛ ስም አለበት?”

“የላኪ ስም ሳይጻፍማ ነውር ነው።”

“ለምን ስሟን ዝም ብላችሁ አትሰርዙትም?”

በጣም ተገረሙ። “ለሁሉም ተልኮ ለእሳቸው ብቻ ቢቀር ቅር አይላቸውም?” አሉኝ።

እስቲ አስቡት። የዘመን መለወጫ ጠዋት ነው። ልጅና ምራት መጥተዋል። ባልየው የመጡትን ካርዶች ታቅፎ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በሁሉም ቤት እንደዚያ ነው። ከመካከላቸው የታሸገውን ይቀድደዋል። “ዘንድሮም ቦርሳችንን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን።” ትጠቀም አትጠቀም አናውቅም እኮ። ስለዚያች ሴት ከቤቷ በር በቀር የምናውቀው የለም፤ እሱን ደግሞ ማወቅ አልነበረብንም። ባልየው ግን ያን ቦርሳ ነሐሴ ላይ ያስጠፋ መስሎታል። ካርዱን ካነበበ በኋላ እስከ ሚያዝያ ሦስት ወር ከምናምን አለው፤ በዚህኛው ጊዜ አይስቅም። እሷ ደግሞ ከሦስት ሺህ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ለመደወል የደፈረችዋ ብቻ ናት። በሌሎቹ በር ላይ ማን እንደሚቆም አላውቅም። እናንተም አታውቁም፤ ልዩነታችን እናንተን እንቅልፍ የሚወስዳችሁ መሆኑ ነው።

ማኅተሜን አልመታሁም። አንድ ባዶ ቦታ ነው፤ የትንሽ ሳንቲም ስፋት የላትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ “የግል ምክንያት” እንዳለኝ ተነገረኝ።

ዝርዝሩ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። የነሐሴውን ካርድ ያተመው ማተሚያ ቤት ዘንድ የነበረውን ቅጂ ራሴ ሄጄ አስደምስሻለሁ። ከማጽደቂያው ወረቀት ጋር የመጣውንም ቀዳድጄዋለሁ፤ አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱንም ብቻዬን ላጠፋው አልችልም፤ የደንበኛ መዝገብ ለማጥፋት የሁለት ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በወጣሁ ቀን ልጥሰው አይደለም። የኔን ግማሽ መስከረም ላይ ፈጽሜያለሁ። የቀረው ግማሽ በኩሮኪ ሳን ስልክ ላይ ቀይ ምልክት አብርቶ ተቀምጧል። አንድ ጣት ነው የሚፈልገው።

አሁን ጽዋውን እንዳስነሣ የፕሮግራም መሪው ለኔ ክብሩን ሰጥተውኛል። ብርጭቆዎቻችሁን አንሡ። አዎ፣ ሁላችሁም። ከፍ አድርጉ። እንዲሁ ያዙልኝ።

ኩሮኪ ሳን፣ ስልክዎ በኮትዎ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው።

ምን አሉ? ከኋላ ላልሰማችሁ ልድገመው፤ “ሙናካታ፣ ቦታው አይደለም” ብለዋል። ትክክል ነው። ቦታው የመስከረሙ ስብሰባ ነበር። ከዚያ የጥቅምቱ። “ነገ ቢሮ እንነጋገርበት” አሉ? ነገ የቢሮው መግቢያ ካርድ የለኝም፤ ዛሬ ከሰዓት አስረክቤያለሁ፤ የርክክቡ ወረቀት ላይ ማኅተምዎ አለ።

እኔ አልቸኩልም። ቶኩናጋ ሳን፣ ክንድዎ ዝሏል። ብርጭቆውን ማስቀመጥ ይችላሉ እኮ፤ ማንም አይከለክልዎትም። አይችሉም፣ አይደል? መጀመሪያ ሌላ ሰው ካላስቀመጠ አይሆንም። ሃያ ሰው አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው። ስምንት ዓመት ያየሁት ይህንኑ ነው፤ በቢራ ሲሆን ግን የበለጠ ይገባል።

ይግቡ እመቤቴ፣ ይግቡ። ምግብ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ድስቱ ሊገነፍል ስለሆነ እሳቱን ልቀንስ ወይ እያሉ ነው። ይቆዩ እመቤቴ፤ አይጨነቁ፣ የታመመ ሰው የለም። አለቃችን አንዲት ጉዳይ እስኪጨርሱ ነው እጃችንን አንሥተን የቆምነው። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። አዎ፣ ዋናው።

አመሰግናለሁ ኩሮኪ ሳን። ቢያሳዩኝ? ሰውን ማመን ትቻለሁና አይቀየሙኝ። “መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ተደምስሷል።” ሰዓቱም ተጽፏል። ጥሩ ነው።

ለዚያች ሴት ብለው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ለገባነው ቃል ብለውም አይደለም። እንግዳ ሰው በር ላይ ቆሞ ስላየን አፍረው ነው። እቀበለዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ በማስረጃ፣ በሥዕላዊ መግለጫ፣ በአርባ ገጽ ዘገባ ልነካችሁ ስሞክር ኖሬአለሁ፤ የሚነካችሁ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ስለቃችሁ መሆኑ ይቆጨኛል።

ልማዱ ነውና ልመርቃችሁ፤ ምርቃቴን ግን የምር ነው የምለው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከመካከላችሁ አይጥፋ፤ ሲገኝም በአበባ አታሰናብቱት። ልጆቻችሁ ሳያነቡ የማይፈርሙ ይሁኑ። ስታረጁ ያመናችሁት ሰው አያሳፍራችሁ። ኢቶናጋ ሳን፣ የሚገባዎትን ወንበር ይስጡዎት፤ በዚህ ድርጅት ደንበኛ ሲናገር ያዳመጡ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለኩሮኪ ሳን ጤና፣ ለቶኩናጋ ሳንም የማያሳፍር ሥራ እመኛለሁ። መጪው ዓመት ለሁላችሁም፣ ለማናውቃቸው ደንበኞቻችንም፣ ሰላም ይሁን።

በሉ ጠጡ። ቢራው ሞቆባችሁ ከሆነ አትፍረዱብኝ፤ ከመስከረም ጀምሮ ስንጠብቅ ነበር።